ደንግጬ «ጌታዬ!» ብል ስሙን በከንቱ ጠራሁ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላምዎ ይብዛ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስደነግጥ «ጌታዬ!» የሚለው ቃል ያመልጠኛል። ብርጭቆ ከእጄ ሲወድቅ እንኳን «አምላኬ!» እላለሁ። በቅርቡ ታላቅ እኅቴ «ይሄ እኮ የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ መጥራት ነው፤ ትእዛዝ እያፈረስሽ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አፌን ስጠብቅ እውላለሁ። «ጌታዬ» በማለት ፈንታ «ውይ» ማለት ለመድኩ። ካመለጠኝ ቀኑን ሙሉ ይከፋኛል። ሰሞኑን ጭራሽ ስጸልይም ስሙን መጥራት እየፈራሁ ነው። (ይሄ ከጥያቄዬ ጋር ብዙም አይገናኝም እንጂ፣ የአክስቴ ልጅ በየጊዜው ቤቷ ትጠራኛለች። ሰው ማስቀየም ስለማልወድ «እግዚአብሔር ካለ እመጣለሁ» እያልኩ ሁለት ዓመት ሞላኝ። አሁን አኩርፋለች።) በእውነት ኃጢአት እየሠራሁ ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዋናው ጥያቄ ያልሽው ስለሚያመልጥሽ ቃል ነው። የአክስትሽን ልጅ ነገር «ብዙም አይገናኝም» ብለሽ በቅንፍ ዘጋሽበት። እኔ ግን ትእዛዙን ያገኘሁት ቅንፉ ውስጥ ነው። አትደንግጪ፣ እንደርስበታለን።

መጀመሪያ የብርጭቆውን እንጨርስ።

ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ገብተሽ ታውቂያለሽ። ልጁ እየተጫወተ ድንገት «እማዬ!» ብሎ ይጣራል። እናቱ ከሌላው ክፍል «ወዬ!» ትላለች። «ምንም» ይላል። ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና «እማዬ!» ይህ ልጅ የእናቱን ስም በከንቱ ጠራ? ይታክታት ይሆናል። ተሰደብኩ ያለች እናት ግን አላየሁም። ልጁ የፈለገው መኖሯን ማወቅ ነው። ድምጿን ሰማ፣ በቃው።

አሁን ያው ልጅ አደገ እንበል። 15 ዓመት ሆነው። ጎረቤት ሄዶ በር አንኳኳና «እናቴ ገንዘብ አበድሩኝ ብላለች» አለ። እናቱ አላለችም። ጎረቤትየው የልጁን ፊት አይቶ ሳይሆን የእናቱን ስም አክብሮ ሰጠው። ልጁ ስሟን ያነሣው አንዴ ብቻ ነው። ያውም በትሕትና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ስሟን የጎዳው ግን ቀኑን ሙሉ «እማዬ» ሲል የዋለው ሕፃን አይደለም። ይሄኛው ነው።

ትእዛዙ በዋናነት የሚናገረው ስለ ሁለተኛው ልጅ ነው።

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደተጠየቅሁት አልቆጥረውም። ሁልጊዜ የሚመጣው በአንድ መልክ ነው። ሰው ስለ ምላሱ ይጨነቃል። በስሙ ስለሚያስፈጽመው ጉዳይ ግን አይጨነቅም። ስትደነግጥ «አምላኬ» አልኩ ብላ የምታለቅስ ነፍስ አለች። «እግዚአብሔርን ምስክር አድርጌ እነግርሃለሁ» ብሎ ዓይኑን ሳያሽ የሚዋሽ ደግሞ አለ። የሁለተኛው ሰው ጥያቄ እስከ ዛሬ ደርሶኝ አያውቅም።

«የእግዚአብሔርን የአምላክህን ስም በከንቱ አትጥራ» የሚለውን (ዘጸ. 20፥7) በቃልሽ ታውቂዋለሽ። ሁለተኛ ትእዛዝ ብለው የሚቆጥሩት አሉ፤ ሦስተኛ የሚሉትም አሉ። በቁጥሩ አንጨቃጨቅ። ልብ እንድትዪ የምፈልገው ግሡን ነው። በዕብራይስጡ «አትጥራ» በተባለበት ቦታ ያለው ቃል «ናሳ» ነው። ማንሣት፣ መሸከም ማለት ነው። በእኛም አነጋገር ሰው ሲከፋው «ሁለተኛ ስሜን እንዳታነሣ» ይላል አይደል? ልክ እንደዚያ። «በከንቱ» የተባለው ቃል ደግሞ ባዶነትንም ሐሰትንም ይይዛል። ትእዛዛቱ በዘዳግም ሲደገሙ፣ በሐሰት ስለ መመስከር በሚናገረው ውስጥ የገባው ይኸው ቃል ነው (ዘዳ. 5፥20)። እንግዲህ «ስሜን ለባዶ ነገር አታንሣ፤ ውሸትህን አታሸክመው» እንደ ማለት ነው።

ይህን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ታሪክ ልንገርሽ። 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5ን ታውቂዋለሽ። የሶርያው አለቃ ንዕማን ከለምጹ ነጻ። ለኤልሳዕ ስጦታ አቀረበ። ኤልሳዕ «በፊቱ የቆምሁት ሕያው እግዚአብሔርን! አልቀበልም» አለ። ይህ ቁጥር 16 ላይ ነው። አሁን አራት ቁጥር ብቻ ወረድ በዪ። ሎሌው ግያዝ ቆሞ ይሰማ ነበር። ያ ሁሉ ብርና ወርቅ ተጭኖ ሲመለስ አየ። አላስቻለውም። «ሕያው እግዚአብሔርን!» አለ እሱም። ከኋላው ሮጬ አንዳች ነገር እወስዳለሁ ሲል።

አየሽው? ያው መሐላ ነው፤ ቃል በቃል። ጌታው ላለመቀበል ማለበት። ሎሌው ለመውሰድ ማለበት። አጠራር ብቻ የምንመዝን ከሆነ ሁለቱ እኩል ናቸው። እንዲያውም ግያዝ ስሙን በደንብ ነው የጠራው፤ «ሕያው» ብሎ አክብሮ። ከዚያ ሮጠ። ጌታዬ ልኮኛል አለ። ሁለት ወጣቶች እንግዳ መጡብን ብሎ ፈጠረ። ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ተቀበለ። ቤት ገብቶ ደበቀ። ተመልሶ ኤልሳዕ ፊት ሲቆም ደግሞ የትም አልሄድኩም አለ። የንዕማን ለምጽ በእሱ ላይ ሆነ።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግያዝ የማለው ለማንም አለመሆኑ ነው። የሚሰማው ሰው አልነበረም። ለራሱ ነው የማለው፣ በልቡ። ስግብግብነቱን ቀድሶ ለራሱ አቀረበለት። ሰው ክፉ ሊሠራ ሲነሣ እግዚአብሔርን ከጎኑ ማሰለፍ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ስሙን ይጠራል።

አሁን ወደ ቅንፉ።

«እግዚአብሔር ካለ» ማለት መልካም ነው። እንድንለውም ታዘናል። ያዕቆብ ዛሬ ወይም ነገ ወደዚያ ከተማ ሄደን እንነግዳለን ለሚሉት፣ ጌታ ቢፈቅድ ይህን እናደርጋለን ማለት ይገባችኋል ይላቸዋል (ያዕ. 4፥13-15)። ቃሉ ትሕትና ነው። «እኔ ቆርጫለሁ፤ ዕድሜዬና ነገዬ ግን በእጄ አይደሉም» ማለት ነው። መጀመሪያ ግን መቁረጥ አለብሽ። ሐሳብሽ «እመጣለሁ» ካልሆነ «እግዚአብሔር ካለ» የምትዪው ምኑን አስበሽ ነው? ለሌለ ሐሳብ ምን ፈቃድ ይጠየቃል?

እኛ ይህን ቃል ምን አደረግነው? የጨዋ «እምቢ» አደረግነው። «አልፈልግም» ማለት ይከብደናል። ስለዚህ እግዚአብሔር «አልፈለገም» እንዲባል እናመቻቻለን። እኛ ጥሩ ሰው ሆነን እንቀራለን። ቀሪው እሱ ይሆናል።

በዚህ ነገር እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ወጣት ከትምህርት በኋላ ጠብቆኝ «አባቴ ታሟል፤ መጥተው ቢጸልዩለት» አለኝ። ደክሞኝ ነበር። «እግዚአብሔር ቢፈቅድ ሐሙስ እመጣለሁ» አልኩት። ሐሙስ አልሄድኩም። እውነቱን ልንገርሽ? ስናገረውም ልሄድ አላሰብኩም። ሐሙስን የመረጥኩት ራቅ ስለሚል ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በር ላይ ተገናኘን። ተሳቀቅኩ። ልጁ ግን አልተቆጣም። «መምህር፣ እግዚአብሔር አልፈቀደም መሰለኝ» አለኝ። ሽሙጥ የለበትም፤ የምሩን ነው። አባትየው ሐሙስ ጠዋት «ሸሚዝ ቀይሩልኝ» ብሎ ትራስ ተደግፎ ሲጠብቅ እንደዋለ ነገረኝ። ሲመሽ «የእኔን ነገር እግዚአብሔር አልፈቀደውም ማለት ነው» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ አለኝ።

የእኔ ስንፍና በእግዚአብሔር ስም ተመዘገበ። በሽተኛው የተቀየመው እኔን አልነበረም። እሱን ነበር።

በዚያው ዕለት ሄድኩ። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ «አባቴ፣ እግዚአብሔር ፈቅዶ ነበር፤ ያልፈቀድኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ሰውየው ዝም ብሎ አየኝና እጄን ያዘኝ። ከዚያ ወዲህ ይህን ቃል ከመናገሬ በፊት አንድ ጊዜ እተነፍሳለሁ።

«እጸልይልሃለሁ» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። ስንቱን ብለነው ስንቱን ጸለይንለት? እዚያው ላይ ባጭሩ ጸልዮ መለየት ይሻላል። «ፍርዱን ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» የሚለውም አለ። አንዳንዱ ሰው ሲለው በእውነት ትቶት ነው። አንዳንዱ ግን ጥርሱን ነክሶ ነው። የሰጠው ፍርዱን አይደለም፤ የጽድቅ ልብስ የለበሰ እርግማን ነው።

በፈተና ኮርጆ «እግዚአብሔር ረድቶኝ አለፍኩ» የሚል ምስክርነትም ሰምቻለሁ። ይሄ እንኳን አዲስ አይደለም። ይስሐቅ «አደኑን እንዴት እንዲህ ቶሎ አገኘኸው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ያዕቆብ አምላክህ እግዚአብሔር አቀናልኝ ብሎ መለሰ (ዘፍ. 27፥20)። ጠቦቱ ከመንጋው የመጣ ነው። አባቱ ዓይኑ ፈዟል። ውሸቱን የምታቆምለት አንዲት ነገር ጠፋች፤ ስሙን ጨመረባት።

አሁን የምነግርሽን በጠንካራ ቃል ነው የምናገረው፤ ምክንያቱም ሰው ስለሚጎዳበት። «እግዚአብሔር ነግሮኛል» የሚለው ነገር። አንድ ወንድ አንዲትን ልጅ ወደዳት እንበል። «ወድጄሻለሁ» ቢላት እሺም እምቢም ማለት ትችላለች። እሱ ግን «ሚስቴ እንደሆንሽ እግዚአብሔር አሳይቶኛል» አላት። አሁን ምን ትበል? እምቢ ብትል እምቢ የምትለው ለእሱ አይደለም፤ ለእግዚአብሔር ነው ማለት ነው። አፏን ዘጋት። ሌሊቱን ሙሉ እያለቀሰች «እኔ ግን ለምን አላሳየኝም?» የምትል ልጅ አጋጥማኛለች። እንደዚህ ዓይነቱ ሰው ስሙን የሚጠራው ሰው ለማስገደጃ ነው። በኤርምያስ ምዕራፍ 23 እግዚአብሔር እኔ ሳልልካቸው ሮጡ፣ ሳልነግራቸው ትንቢት ተናገሩ ይላል። ሕልማቸውን «አለምሁ፣ አለምሁ» እያሉ የሚያወሩትንም እዚያው ይወቅሳል። በሙሴ ሕግማ ያላዘዘውን በስሙ የሚናገር ነቢይ ቅጣቱ ሞት ነበር (ዘዳ. 18፥20)። ይህን የምጠቅሰው ዛሬ ድንጋይ እንድናነሣ አይደለም። ነገሩ በእሱ ዘንድ ምን ያህል እንደሚከብድ እንድታዪው ነው።

እግዚአብሔር ለሰው አይናገርም እያልኩ አይደለም። ይናገራል። በእውነት የተነገረው ሰው ግን አይቸኩልም፣ አያስፈራራም፣ ሲመረመርም አይቆጣም።

በስልክ የሚዞረውንም መልእክት አልፈው አልፈልግም። «ይህን ለ10 ሰው ካልላክህ በረከት ያመልጥሃል። ጌታን የምትወድ ከሆነ ሼር አድርግ።» ለእኔም ይደርሰኛል፣ ያውም ካስተማርኳቸው ሰዎች። እግዚአብሔር በረከቱን በፎርዋርድ ቁጥር አሰላለሁ ያለው የት ነው? አትላኪው። ሰርዢው። ምንም አይደርስብሽም።

ስለ መሐላ ብዙ አልልም፤ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ጌታ ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን ብሏል (ማቴ. 5፥37)። ግን እዚያው ክፍል ላይ ያለው አንድ ነገር የአንቺን «ውይ» ይመለከታል። በዚያን ዘመን ሰዎች የእግዚአብሔርን ስም ላለመጥራት ይጠነቀቁ ነበር። ስለዚህ በሰማይ፣ በምድር፣ በኢየሩሳሌም፣ በራሳቸው ላይ ይምሉ ነበር። ስሙን አልጠራንም፣ ስለዚህ አልነካንም ባዮች ናቸው። ጌታ ሰማይ ዙፋኑ ነው፣ ምድርም የእግሩ መረገጫ ናት ብሎ ያን በር ዘጋባቸው። ቃሉን በሌላ ቃል መቀየር ከትእዛዙ አያስመልጥም። ልብሽ ያልዋሸበት «ጌታዬ» ካላስጠየቀሽ፣ ወደ «ውይ» መሸሽሽም አያጸድቅሽም።

እንዲያውም ስሙን ጭራሽ ሳይጠሩ ስሙን ማርከስ ይቻላል። አሞጽ ምዕራፍ 2 ላይ ድሀን ስለሚረግጡና አባትና ልጅ ወደ አንዲት ሴት ስለሚሄዱ ሰዎች ይናገራል። ቅዱስ ስሜን አረከሱ ይላል። ስሙን ሲጠሩ የተሰሙበት ቦታ ግን አልተጻፈም። በሕዝቅኤል 36ም እንዲሁ ነው። ተማርከው በአሕዛብ መካከል ሲኖሩ፣ «እነዚህ የእግዚአብሔር ሕዝብ ናቸው» እየተባለ ስሙ በእነሱ ምክንያት ረከሰ። ጳውሎስ ያንኑ ነገር አንሥቶ፣ በእናንተ ሰበብ የእግዚአብሔር ስም በአሕዛብ መካከል ይሰደባል አለ (ሮሜ 2፥24)።

«ናሳ» ያልኩሽን ቃል አስታውሺ፤ መሸከም። በዘጸአት 28 ላይ ሊቀ ካህናቱ አሮን ወደ መቅደስ ሲገባ የአሥራ ሁለቱን ነገድ ስም በደረቱ ላይ ይሸከማል። በዚያም ያለው ግሥ ይኸው ነው። ግንባሩ ላይ ደግሞ «ቅድስና ለእግዚአብሔር» የሚል የተቀረጸበት የወርቅ ምልክት አለ። ይህን ግንባሩ ላይ አድርጎ የሚሄድ ሰው አፉን ዘግቶ ቢውል እንኳን ስሙን ይዞ ነው የዋለው። አንቺም ክርስቲያን ተብለሻል። ስሙን በሩ ላይ አውልቀሽ አትገቢም። ሥራ ቦታ ሪፖርት ስትጽፊ፣ ብድር ስትመልሺ፣ ወይም ሳትመልሺ፣ ከአንቺ በታች የሆነን ሰው ስታናግሪ ስሙ አብሮሽ ነው። «ጸሎተኛ ናት፤ ግን ገንዘብ አታበድሯት» ከተባለ አንቺ ብቻ አልታማሽም።

ይህን ሁሉ ያልኩት ተጨማሪ ፍርሃት ልጨምርብሽ አይደለም። አንቺ እንኳን በቂ ፈርተሻል። ከደብዳቤሽ በጣም ያሳዘነኝ ስትጸልዪ ስሙን መጥራት መፍራትሽ ነው። ትእዛዙ ለዚህ አልተሰጠም። በመዝሙር 50 «በመከራ ቀን ጥራኝ» ያለው እሱ ራሱ ነው። የጌታን ስም የሚጠራ ሁሉ ይድናል ተብሏል (ሮሜ 10፥13)። አባትየው ልጆቹ በስሙ እንዳያጭበረብሩ ቢከለክል፣ ልጅየዋ «አባዬ» ማለት አቆመች። የሆነው ይሄ ነው። ታላቅ እኅትሽ በቅንነት ነው የተናገረችው፤ አትቀየሚያት። ግን ይህን መልስ አንብቢላት።

ልማድ ብቻ ሆኖብሽ ከሆነስ? ይሄም አለ። ስሙን በየዓረፍተ ነገሩ እንደ ነጠላ ሰረዝ የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። አንቺም እንደዚያ ከሆንሽ ቃሉን አትዋጪው። ጨርሺው። «ጌታዬ!» ካልሽ በኋላ አንድ ነገር ጨምሪበት። «ጌታዬ፣ አረጋጋኝ።» «ጌታዬ፣ ተመስገን፣ እጄን አልቆረጠኝም።» መጀመሪያ ላይ ይረሳሻል። ሲቆይ ግን ያመለጠሽ ቃል ጸሎት ሆኖ ይገኛል። ጠርተሽዋል፤ «አቤት» ብሏል፤ አውሪው።

ለአክስትሽ ልጅ ዛሬ ደውዪላት። በጽሑፍ አይሁን፤ ድምፅሽን ትስማ። «ሁለት ዓመት ሙሉ እግዚአብሔር ካለ ያልኩሽ እኔ መምጣት ስላልፈለግሁ ነው፤ በእሱ አሳብቤብሻለሁ፤ ይቅር በዪኝ» በያት። ለምን መሄድ እንደማትፈልጊ ለእኔ አልጻፍሽልኝም። ምክንያት ካለሽ ንገሪያት። ከሌለሽ ደግሞ ቀን ቁረጪና ሂጂ። ትቆጣ ይሆናል። ትቆጣ፤ ቢያንስ የምትቆጣው አንቺን ነው።

ብርጭቆው ሲወድቅ ደግሞ «ጌታዬ!» በዪ። ከዚያ ስባሪው የሰው እግር ሳይወጋ ቶሎ ጥረጊው።